የመሬት ትልንና አፈሩን በትምህርት ቤት ለማጥናት፦ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች የሚሠራ መመሪያ

"ቆፍረን ቆፍረን አንድም ትል አጣን።" "ጠርሙስ ውስጥ የከተትናቸው በሦስተኛው ቀን ሞቱብን፤ ሸተቱም።" የሳይንስ መምህራንም፣ የክበብ ሥራ የተሰጣቸው ተማሪዎችም ከእነዚህ ከሁለቱ የተለየ ጥያቄ ይዘው አይመጡም። ከደሴ የሚደውለውም ይህንኑ ይላል፤ ከኮምቦልቻ የሚደውለውም ይህንኑ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጻፈው ብዬ ነው።

አንድ ነገር በቅድሚያ ያዙልኝ። የመሬት ትል ሳንባ የለውም። የሚተነፍሰው በቆዳው ነው። ቆዳው አየር የሚያስገባው ደግሞ እርጥብ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ትል ደረቀ ማለት ታፈነ ማለት ነው። ከታች "እጃችሁን አርጥቡ"፣ "ከፀሐይ አርቁ"፣ "ሳሙና አይንካው" ስላችሁ ምክንያቱ ሁሌ ይኸው ነው። የሆነ ቦታ ላይ ግራ ከገባችሁ ወደዚች አንቀጽ ተመለሱ።

መቼ ይሠራ?

ለእኛ አካባቢ ሁለት ጥሩ ጊዜ አለ። አንደኛው መስከረምና የጥቅምት መጀመሪያ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ አፈሩ ግን ገና አልደረቀም። ሁለተኛው በልግ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደህና ዝናብ ከጣለ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ። በዝናቡ ማግስት አትቆፍሩ። አፈሩ ጭቃ ስለሚሆን መልቀም አይቻልም።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከባድ ነው። ላይኛው አፈር ይደርቃል፤ ደሴ ላይ ሌሊቱ በጣም ይቀዘቅዛል። ትሉ ወደ ታች ይወርዳል። አንዳንዱ እንደ ክር ቋጠሮ ተጠቅልሎ ዝናብ እስኪመጣ ይተኛል። "ቆፍረን አጣን" የሚሉኝን "መቼ ነው የቆፈራችሁት?" ስላቸው አብዛኛው ጊዜ መልሱ ጥር ነው። የግድ በዚያ ወቅት መሥራት ካለባችሁ የቦኖ ውሃ የሚፈስበትን ጥግ ወይም ውሃ የሚጠጣ የአትክልት መደብ ፈልጉ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ፀሐይዋ ሳትበረታ ቆፍሮ፣ ቆጥሮ መመለስ ይቻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አካፋ ወይም ዶማ፣ አንድ ትንሽ መኮትኮቻ
- ማስመሪያ ወይም ሜትር፣ 4 ችካል፣ ሲባጎ
- ሰፋ ያለ ነጭ ማዳበሪያ ወይም ላስቲክ (አፈሩን ለመዘርጋት)
- ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ ውስጡ እርጥብ አፈርና ቅጠል
- ሁለት ጫፉ የተቆረጠ ቆርቆሮ፤ የዱቄት ወተት ወይም የድልህ ጣሳ ይሆናል
- 3 የ2 ሊትር ሃይላንድ፣ ሁለቱ ለትል ቤት፣ አንዱ ለአፈር ምርመራ
- አሸዋ፣ ጥቁር አፈር፣ ቀይ አፈር፣ ትንሽ ጠጠር
- ጥሬ የሰናፍጭ ፍሬ፣ ለአንድ ጉድጓድ 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል
- ትሪ፣ ሶፍት፣ ጥቁር ላስቲክ ወይም ካርቶን
- ሰዓት ያለው ስልክ፣ ደብተር፣ እርሳስ። እስክሪብቶ በእርጥብ እጅ ይበላሻል።
- ንጹሕ ውሃ፣ ሳሙና (ሳሙናው ለመጨረሻ ነው)

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

ሁሉም ጫማ ያድርግ። በአፈር የሚተላለፈው የመንጠቆ ትል በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል። ይህ ከመሬት ትል ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሰው የተጸዳዳበት አፈር ውስጥ የሚኖር ሌላ ፍጥረት ነው። ስለዚህ ከመጸዳጃ ቤት ጀርባ፣ ከቆሻሻ መጣያ አጠገብና የፍሳሽ ቦይ ዳር አትቆፍሩ። ኮምቦልቻ ላይ በተለይ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበትን ቦይ፣ ቆሻሻ ውሃ የሚቀላቀልበትን የቦርከናን ወንዝ ዳርቻም ተዉት።

እጁ ላይ ቁስል ያለበት ተማሪ ጸሐፊ ይሁን፤ አፈር አይንካ። ሥራው እስኪያልቅ ማንም አይብላ፣ ጥፍር አይንከስ። ዶማ በትልልቆቹ ብቻ ይያዝ፤ ሌሎቹ ሁለት ሜትር ይራቁ። ፀረ ተባይ የተረጨበትን ማሳ ደግሞ ዝለሉት። እጃችሁንም ይጎዳል፣ ቁጥራችሁንም ያበላሻል።

አሠራሩ

1. ሁለት ወይም ሦስት የማይመሳሰሉ ቦታዎች ምረጡ።

አንድ ቦታ ብቻ ከቆፈራችሁ የምታወዳድሩት ነገር የላችሁም። ደሴ ላይ ብዙ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓይነት መሬት አይጠፋም፦ ባህር ዛፍ ሥር፣ የአትክልት ወይም የአበባ መደብ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት የተረገጠ ሜዳ። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ የፓፓያ ወይም የማንጎ ጥላ ከሜዳው ጋር ቢወዳደር ጥሩ ነው። የሰው ጓሮ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። "እትዬ፣ ጉድጓዷን መልሰን እንደፍናለን" ብላችሁ የገባችሁትን ቃል ደግሞ ፈጽሙ።

2. ከመቆፈራችሁ በፊት ግምታችሁን ጻፉ።

የቱ ላይ ብዙ ትል ይኖራል? ለምን? እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ከተቆፈረ በኋላ የሚጻፍ ግምት ግምት አይደለም።

3. ውሃ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰርግ ለኩ።

ይህን ሳትቆፍሩ አስቀድሙት። አንዴ ከተቆፈረ የአፈሩ ቀዳዳ ስለሚፈርስ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ጣሳውን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ አስገቡ። ግማሽ ሊትር ውሃ ቀስ ብላችሁ ጨምሩና ሰዓት ያዙ። ውሃው ከላይ እስኪጠፋ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ወዲያው ሌላ ግማሽ ሊትር ጨምሩና እንደገና ለኩ። የምትመዘግቡት ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያውን ደረቁ አፈር ስለሚመጠው ያታልላል።

ትሉ ሲሄድ የሚተወው ቀዳዳ የውሃና የአየር መንገድ ነው። እንደ ደሴ ባለ ተዳፋት አገር ውሃ ወደ ታች ካልሰረገ ወደ ጎን ይሮጣል፤ አፈሩንም ይዞ ይሄዳል። ተማሪዎቻችሁ ከጦሳ ተራራ ሥር በክረምት የሚወርደውን ድፍርስ ጎርፍ አይተውታል። እዚህ ጣሳ ውስጥ የሚለኩት የዚያኑ ምክንያት ነው።

4. 25 በ25 ሴንቲ ሜትር አስምራችሁ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ።

ለሰርገት የተጠቀማችሁበትን ቦታ አንድ ሜትር ያህል ሽሹ። በአራት ችካልና በሲባጎ ካሬውን ሥሩ። መጀመሪያ ላዩ ላይ ያለውን ቅጠል አንስታችሁ ፈትሹ፤ ከቅጠል ሥር የሚኖሩ ትናንሽ ትሎች አሉ። ከዚያ አራቱን ጎን በአካፋ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና አፈሩን በአንድ ላይ ወደ ማዳበሪያው አውጡት።

መጠኑ ለሁሉም ጉድጓድ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱን ሰፊ፣ አንዱን ጠባብ ከቆፈራችሁ ቁጥሮቹን ማወዳደር አይቻልም። በየቦታው ሦስት ጉድጓድ ብትቆፍሩ ይበልጥ ይታመናል፤ ትል በአንድ ጥግ መሰብሰብ ይወዳል።

5. ልቀሙ።

አፈሩን በጣት እየፈረፈራችሁ ሂዱ። እያንዳንዷን ጓል ስበሩ፤ ሥር ውስጥ የተጠመጠመውም አይለፋችሁ። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ እኩል ጊዜ ስጡ፤ 20 ደቂቃ ይበቃል። ያገኛችሁትን ወዲያው እርጥብ አፈር ያለበት ዕቃ ውስጥ ክተቱና ጥላ ሥር አስቀምጡ። የፀሐይ ብርሃን በራሱ ቆዳውን ይጎዳዋል፤ ድርቀቱ ብቻ አይደለም።

አፈራችሁ ጥቁር ዋልካ ከሆነ በጣት አይፈረፈርም፤ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። አብሽሩ፣ መፍትሔ አለው። ጓሉን ባልዲ ውሃ ውስጥ አሟሙትና ሰፋ ባለ ወንፊት አሳልፉት። ትሉ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ቶሎ አንሱት እንጂ ውሃ ውስጥ አታቆዩት።

6. ወደ ጥልቅ የወረዱትን በሰናፍጭ ጥሩ።

20 ሴንቲ ሜትር ስትቆፍሩ ቁፋሮው ሲያናጋው ወደ ታች የሚያመልጥ ትል አለ። ሰናፍጭ ቆዳውን ስለሚያቃጥለው ወደ ላይ ይወጣል። የእኛ ገበያ ሰናፍጭ ለዚህ ደህና አድርጎ ይሠራል።

ጥሬውን ፍሬ ግዙና በሙቀጫ ውቀጡት። 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በ2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና 15 ደቂቃ አቆዩት። ፍሬው የሚያቃጥለው ተወቅጦ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ነው። የፈላ ውሃ ከተጠቀማችሁ ማቃጠሉ ይጠፋል፤ ሥራውን የሚሠራው ንጥረ ነገር በሙቀት ይሞታል። ግማሹን የጉድጓዱ ወለል ላይ አፍስሱ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ቀሪውን ድገሙ። ትሉ ጭንቅላቱን ብቅ ሲያደርግ አትጎትቱት፤ ይበጠሳል። ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ታገሡ። ወዲያው በንጹሕ ውሃ እጠቡትና ከሌሎቹ ጋር አድርጉት።

ለጾም ምግብ የተዘጋጀውን ሰናፍጭ በፍጹም አትጠቀሙ። ጨውና ዘይት አለበት፤ ጨው ትልን ይገድላል። ውህዱ ዓይንንም ያቃጥላል፤ በነካችሁበት እጅ ፊታችሁን አትጥረጉ።

7. ያገኛችሁት የመሬት ትል መሆኑን አረጋግጡ።

ብዙ ቁጥር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ የሚሳበውን ሁሉ "ትል" ስለምንል ተማሪው የጥንዚዛ እጭንም፣ ጎመን የሚቆርጠውንም ትል አብሮ ይቆጥራል። ሦስት ጥያቄ አስጠይቁ።

እግር አለው? እግር ካለው የመሬት ትል አይደለም። ነጭ፣ ወፍራም፣ እንደ ማጭድ የታጠፈው እጭ ከፊቱ በኩል ስድስት እግር አለው፤ ሲያድግ ጥንዚዛ ይሆናል።

ጠንካራ ቡናማ ራስ አለው? ካለው እሱም የነፍሳት እጭ ነው። የመሬት ትል ራስ ከሌላው አካሉ ብዙም አይለይም።

ሰውነቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀለበት የተከፋፈለ ነው? አዎ ከሆነ ጥሩ።

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ወላጆችንም ያረጋጋል። "ልጄ ወስፋት ነክቶ መጣ" ብላ የተጨነቀች እናት አጋጥማኛለች። ወስፋትና የመሬት ትል ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ወስፋት ግን ልሙጥ ነው፤ ቀለበት የለውም፤ የሚያድገውም ሰው አንጀት ውስጥ ነው። የመሬት ትል ሰው ሆድ ውስጥ አይኖርም። የሚበላው የበሰበሰ ቅጠልና አፈር ነው።

8. በቅርበት እዩት።

ጊዜ ያላችሁን ያህል እዚህ ላይ አውሉት። እጃችሁን በንጹሕ ውሃ አርጥቡ። ሳሙና፣ ቅባት ወይም ሳኒታይዘር የተቀባ እጅ ትሉን ያቃጥለዋል። በእርጥብ ሶፍት ላይ አድርጉትና የሚከተሉትን ፈልጉ።

ኮርቻው፦ ወደ አንዱ ጫፍ ቀረብ ብሎ ሰፊ፣ ለስለስ ያለ፣ ቀለሙ የተለየ ቀለበት ታያላችሁ። እንደ ኮርቻ ጉብ ያለ ነው። ይህ ያለው ለመራባት የደረሰ ትል ነው፤ የሌለው ገና ልጅ ነው። ኮርቻው የቀረበበት ጫፍ ራሱ ነው። ሁለቱን ዓይነት ለየብቻ ቁጠሩ። ልጆች በብዛት ካሉ እዚያ ቦታ ላይ እየተባዙ ነው ማለት ነው። እያንዳንዱ ትል ወንድም ሴትም ነው፤ ለመራባት ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ሆነው ይገናኛሉ። አፈሩ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታክል፣ የሎሚ ቅርጽ ያላት ቢጫ ቡናማ ነገር ካገኛችሁ አትጣሏት። የእንቁላል ከረጢቱ ናት።

ጠጉሮቹ፦ ትሉን ደረቅ ወረቀት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ልቀቁት። ክፍሉን ጸጥ አሰኙና ጆሮ አስጠጉ። ክርክር የሚል በጣም ቀጭን ድምፅ ይሰማል። በየቀለበቱ ያሉት ጥቃቅን ጠጉሮች ወረቀቱን ሲቧጥጡት ነው። እንደ ችካል መሬት የሚቆነጥጡለት እነሱ ናቸው። አርባ ምናምን ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ያቺን ድምፅ ለመስማት የሚሰፍነውን ጸጥታ ሌላ ትምህርት ላይ አላየሁትም። ከዚያ ቶሎ ወደ እርጥቡ መልሱት።

አካሄዱ፦ ፊተኛው ክፍል ይቀጥንና ይረዝማል፣ ጠጉሮቹ ይቆነጥጣሉ፣ ከዚያ ያጥርና ይወፍራል፣ ኋላው ይጎተታል። በ1 ደቂቃ ስንት ሴንቲ ሜትር ሄደ? በማስመሪያ ለኩ።

የደም ሥሩ፦ ጀርባው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ ጠቆር ያለ ቀይ መስመር አለ። ነጣ ባለ ትል ላይ ጎልቶ ይታያል። ዝም ብላችሁ ብታዩት ማዕበል እንደሚሄድበት እየጠበበ እየሰፋ ይመታል። የ1 ደቂቃውን ምት ቁጠሩ። የሰውነቱ ሙቀት ከአካባቢው ጋር ስለሚለዋወጥ በቀዝቃዛ ጠዋትና በሞቃት ቀትር የምትቆጥሩት አንድ አይሆንም።

"ለሁለት ቢቆረጥስ ሁለት ትል አይሆንም?" የሚል ተማሪ አይጠፋም። አይሆንም። በቂ ርዝመት ያለው የራሱ ክፍል አንዳንዴ ድኖ ጅራት ሊያበቅል ይችላል፤ የጅራቱ ክፍል ግን ይሞታል። ይህን ለማየት መቁረጥ አያስፈልግም፤ በቃል ንገሩት።

9. ቁጥሩን ወደ ካሬ ሜትር ቀይሩ።

25 በ25 ሴንቲ ሜትር የአንድ ካሬ ሜትር 16ኛ ነው። ስለዚህ ያገኛችሁትን በ16 አባዙ። ለምሳሌ በሦስት ጉድጓድ 4፣ 9 እና 5 ትል ካገኛችሁ ድምሩ 18፣ አማካዩ 6 ነው። 6 ሲባዛ በ16፣ 96 ትል በካሬ ሜትር። በሰናፍጭ የወጡትን ጨምሩ፤ ግን የቱ በእጅ፣ የቱ በሰናፍጭ እንደተገኘ ለይታችሁ ጻፉ። በሁሉም ጉድጓድ ሰናፍጭ ካልተጠቀማችሁ አትደምሩት።

ኳስ ሜዳው ላይ ዜሮ ከወጣ ዜሮ ብላችሁ መዝግቡ። "ባዶ ነው" ብሎ መተውና ሌላ ቦታ መቆፈር ልክ አይደለም። የተረገጠ አፈር አየርም ውሃም አያስገባም፤ ዜሮው የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው።

10. አፈሩን መርምሩ።

ከእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ እፍኝ አስቀሩ። በሃይላንዱ ውስጥ ሲሶውን አፈር፣ ቀሪውን ውሃ አድርጉ። ቁንጥር ኦሞ ጨምሩና ለ3 ደቂቃ በደንብ ናጡ። ኦሞው የተጣበቀውን አፈር ያላቅቀዋል። አሸዋው በ1 ደቂቃ ገደማ ይዘቅጣል። ደለሉ ሰዓታት ይወስዳል። ሸክላው እስከ ማግስቱም ውሃውን ሊያደፈርሰው ይችላል። ከላይ የሚንሳፈፈው ብስባሽ ነው፤ የትሉ ምግብ። የየንጣፉን ውፍረት በማስመሪያ ለኩ። ኦሞ የነካውን አፈር ወደ ትሎቹ አትመልሱ።

በእጅም ይታወቃል። አርጥባችሁ በመዳፍ አድቦልቡሉት፣ ከዚያ በአውራ ጣት ግፉት። ረጅም ጥብጣብ ካወጣ ሸክላ በዝቶበታል። ከፈረሰ አሸዋማ ነው። ደርቆ ሳለ ጠብታ አቸቶ ስታደርጉበት አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት።

11. የትል ቤት ሥሩ።

ሁለቱን ሃይላንድ አናታቸው ላይ ቁረጡ። ሥራቸውን በጋለ ምስማር ትንንሽ አራት ቀዳዳ ብሱ (ይህን መምህሩ ይሥራ)። ከታች 2 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ጥቁር አፈር፣ 2 ሴንቲ ሜትር አሸዋ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ቀይ አፈር፣ 2 ሴንቲ ሜትር አሸዋ። ከላይ የደረቀ ቅጠል። ድንበሮቹን ከውጭ በማርከር አስምሩ።

አፈሩን ከማስገባታችሁ በፊት አርጥቡትና በመዳፍ ጨብጡ። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው ልኩ ነው። ምንም ካልወጣው ደርቋል፤ ከፈሰሰ በዝቷል። የረጋ ውሃ ያለበት አፈር ውስጥ አየር ያልቃል፤ ትሉም ይታፈናል።

አንደኛው ጠርሙስ ውስጥ 4 ወይም 5 ትል ጨምሩ። ሁለተኛው ውስጥ ምንም አታድርጉ፤ ውሃውና ቅጠሉ ግን እኩል ይሁን። ንጣፎቹ የተቀላቀሉት በትሉ ነው ወይስ ውሃ ሲጨመር በራሳቸው? ሁለተኛው ጠርሙስ ከሌለ ይህን መመለስ አትችሉም።

ሁለቱንም በጥቁር ላስቲክ ወይም በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉ። ትሉ ብርሃን ስለሚሸሽ፣ ካልተጠቀለለ መሐል ላይ ተደብቆ ግድግዳው ላይ ምንም አታዩም። አፉን ቀዳዳ ባለው ላስቲክ ሸፍኑ። በየ3 ቀኑ ለሁለት ደቂቃ ገልጣችሁ አሸዋው የት ደረሰ፣ ቅጠሉ ስንት ቀረ፣ ላዩ ላይ የተቆለለ የትል ኩስ አለ ወይ የሚለውን መዝግቡ። በየ4 ቀኑ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይበቃል። በ3 ሳምንት ውስጥ ልዩነቱ ይታያል።

ምግቡ የደረቀ ቅጠል፣ የሻይ ቅጠል ዝቃጭ፣ ትንሽ የቡና አተላ ነው። እንጀራ፣ ወጥ፣ ሥጋ፣ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ አይግባ። ልጆች አዝነውለት እንጀራ ይጥሉለታል። እንጀራው ይሻግታል፣ አፈሩን ያኮመጥጠዋል፣ ዝንብ ይጠራል።

ቦታው ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። ትሉ የሚመቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው። መጀመሪያ በሠራሁበት ዓመት ጠርሙሱን ለማየት እንዲመች ብዬ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ዓርብ ጥዬው ሄድኩ፤ ሰኞ ስመለስ ሁሉም ሞተው ነበር። የከሰዓት ፀሐይ ጠርሙሱን አግሎታል። ከዚያ ወዲህ ሁሌ ወለል ላይ፣ ከበር ጀርባ ነው የማስቀምጠው። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚበረታ በእርጥብ ጆንያ መጠቅለል ይረዳል።

12. ብርሃንና ጨለማን አስመርጡት።

ትሪ ላይ እርጥብ ሶፍት አንጥፉ። ግማሹን በካርቶን ሸፍኑ። 5 ትል መሐል መስመሩ ላይ ደርድሩ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ስንቱ ጨለማው ውስጥ ገባ? ካርቶኑን ወደ ሌላው ጎን አዙራችሁ ድገሙ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ። ካላዞራችሁት ትሉ የመረጠው ጨለማውን ይሁን የትሪውን ዘቅዛቃ ጎን አታውቁም። ዓይን የለውም፤ ብርሃን የሚያውቀው ቆዳው ላይ ባሉ ሕዋሳት ነው። ቀይ ብርሃን ብዙም አይረብሸውም። ስለዚህ ጨለማ ክፍል ውስጥ ማየት ከፈለጋችሁ የስልክ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ጋርዱት።

በዚሁ መንገድ ግማሹን እርጥብ፣ ግማሹን ደረቅ ሶፍት አድርጋችሁ መሞከር ይቻላል። ደረቁ ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ አታቆዩት።

13. ወደ ነበረበት መልሱት።

የቆጠራችሁትን በዚያው ጠዋት፣ ለጠርሙሱ ያስቀራችሁትን ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ። መጀመሪያ አፈሩን ወደ ጉድጓዱ መልሱ፣ ትሎቹን ከላይ አድርጉ፣ በእርጥብ ቅጠል ሸፍኑ። ራሳቸው ይገባሉ። አፈር ከላይ አትጫኑባቸው፤ ዶሮ ካለም እስኪገቡ ቁሙ። ከዚያ ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሳሙናው አሁን ነው ተራው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከኮምፖስት ማዘጋጃ ቀይ ትል አምጥቶ አፈር ጠርሙስ ውስጥ መክተት። ለቬርሚ ኮምፖስት (በትል ለሚዘጋጅ ኮምፖስት) የሚያገለግለው ቀይ ትል የሚኖረው በበሰበሰ ነገር ውስጥ ነው። ተራ አፈር ውስጥ ምግብ አጥቶ ይከሳል። ለዚህ ጥናት ከግቢያችሁ የተገኘውን ተጠቀሙ። ቀዩን ትልም ግቢ ውስጥ አትልቀቁት።

20 እና 30 ትል በአንድ ጠርሙስ ማጨቅ። ብዙ ትል ሥራውን አያፋጥነውም። ምግቡና አየሩ ያልቃል፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ይከተላል። የሸተተ ጠርሙስ ካገኛችሁ ወዲያው ገልብጡት፣ የተረፉትን ለዩና በአዲስ አፈር አስገቧቸው።

ጠርሙሱን በየሰዓቱ መክፈት። እንደተከፈተ ቁጥር ይደርቃል፣ ብርሃን ይገባል፣ ትሉም ይሸሻል። መርሐ ግብሩን በወረቀት ጽፋችሁ ጠርሙሱ ላይ ለጥፉ።

ቀኑንና የአየሩን ሁኔታ አለመጻፍ። "ባህር ዛፍ ሥር 2፣ መደቡ ላይ 11" ብቻ ከተጻፈ፣ አንዱ ከዝናብ በፊት ሌላው ከዝናብ በኋላ የተቆፈረ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሁሉም ጉድጓድ በአንድ ጠዋት ይቆፈር። ካልሆነ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መጨረሻ የዘነበበት ቀን ይመዝገብ።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያላችሁ ሁለት ትምህርት ቤቶች ተነጋግራችሁ በአንድ ሳምንት ብትሠሩት ደግሞ ሌላ ነገር ታያላችሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ሙቀቱ ግን በግልጽ ይለያያል። ያኔ ቴርሞ ሜትሩን 10 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ አስገብታችሁ ከ5 ደቂቃ በኋላ አንብቡና ከትሉ ቁጥር ጎን ጻፉት። የጉድጓዱ ስፋት፣ የመልቀሚያው ደቂቃና የሰናፍጩ መጠን በሁለቱም ቦታ አንድ ይሁን። የምትለዋወጡት ሠንጠረዡን ብቻ ነው። ትሎቹን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው አትውሰዱ፤ ከነሱ ጋር የማታውቁት በሽታና የአረም ዘር አብሮ ይሄዳል።